የጣሪያውን ታንከር ማን ነገራቸው?

ባለምግብ ቤቷን ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዘወር ስትል ግን «ጥላዬ» ናት፤ ጥላዋን እንኳ አታምንም ለማለት ነው። ሥጋ ሻጩ ሚዛኑን በጣቱ ይጫናል ትላለች። ደንበኛ ሾርባውን ደጋግሞ ካማሰለ፣ «ምን አግኝቶበት ነው?» ብላ ከጓዳ አንገቷን ታወጣለች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለካፌ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ሲላት፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ ይሆን?» እያለች ነው በሯን የምትከፍተው።

ምግብ ቤቷ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ነው። እሷ ታበስላለች፤ ባሏ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሳህን ያጥባል፤ አንዲት የልጆች እናት፣ ዝምተኛ ሴት፣ ሽንኩርቱንና ሰላጣውን ትከትፋለች። በሩ ላይ የጤና ቁጥጥር ቢሮ የለጠፈላት አረንጓዴ ምልክት አለ። አረንጓዴ ማለት ንጹሕ ነው፤ ቢጫ አስተካክሉ፤ ቀይ ዝጉ። እትዬ አረንጓዴዋን እንደ መስተዋት ትወለውላታለች።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ተቆጣጣሪዋ ከተፍ አለች። እትዬ አልደነገጠችም። ምድጃው ተፈትጓል፣ ጥሬ ሥጋው ከበሰለው ተለይቷል፣ ሁሉም ፀጉሩን ሸፍኗል። ተቆጣጣሪዋ ግን ማቀዝቀዣውን ዞር ብላም አላየችው።

«መሰላል አላችሁ?» አለች።

«የምን መሰላል?»

«ጣሪያ ላይ የምወጣበት። የውሃ ታንከሩን ማየት ፈልጌ ነው።»

እትዬ ቀና ብላ ወደ ጣሪያው አየች። የታንከሩን መክደኛ ነፋስ ከወሰደው ሰንብቷል፤ ዛሬ ነገ ስትል ሳታስተካክለው ቀርታለች። ተቆጣጣሪዋ ወጥታ ብዙም አልቆየችም። ስትወርድ አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና ነበር።

«እርግብ ሞታበታለች፤ ከሞተች ሰንብታለች። ታንከሩ እስኪቀየር ቤቱ ይዘጋ» አለችና አረንጓዴውን ልጣ ቀዩን ለጠፈች። ምሳ የሚጠብቁት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሱ፤ አንዳንዱም ሆዱን እየዳሰሰ ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ውሃው ያስብ ነበር። እትዬን ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። ማን ነገራቸው? ሴትዮዋ እኮ እንደገባች መሰላል ነው የጠየቀችው!

መጀመሪያ የጠረጠረችው ባለካፌውን ነው። በማግስቱ ተሻግራ ሻይ አዘዘችና ፎቁ ላይ፣ ከበረንዳው ጫፍ ተቀመጠች። አንገቷን ብታሰግግ፣ ወንበሯን ብታዟዙር፣ ታንከሩ አይታይም፤ የጎረቤት ግድግዳ ይጋርደዋል። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። እንግዲያው ነገሩ የወጣው ከቤት ነው። ጣሪያው ላይ ሽርጥ ለማስጣት የምትወጣው ደግሞ ከታፊዋ ናት።

«ለመሆኑ ማዶ ያለው ሰውዬ ምን ቃል ገባልሽ?» አለቻት እትዬ፣ ከካፌው ተመልሳ ገና ከመግባቷ።

«የምን ቃል፣ እትዬ?»

«አትሸፋፍኚ! መክደኛው እንደሌለ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ግን ለማንም አልተናገርኩም።»

«እሺ ማን ተናገረ? እርግቧ ራሷ ደወለች?»

ሴትየዋ ሽርጧን ፈታ፣ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ባልየው ገንዳው ላይ አቀርቅሮ፣ ደረቅ ሳህን በጨርቅ ይወለውል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከታፊዋ ማዶ ካፌው ውስጥ ቲማቲም ስትቆርጥ ታየች። እትዬ ስትሰማ እጇን አጨበጨበች።

«አላልኩም? ይኸው! ሄጄ ደንበኛው ፊት ባላዋርዳት እኔ አይደለሁም!»

ባልየው በሩ ላይ ቆመ። «ተይ። የደወልኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንተ? እንዲህ ጥብቅና የምትቆምላት፣ ከእሷ ጋር ምን አለህ?»

«ኧረ አንቺ ሴት! ምንም የለኝም! መክደኛው በረረ ብዬሽ ነበር። ደግሜ ነገርኩሽ። ‹ውሃው ይፈላ የለ፣ ምን ይሆናል› አልሽኝ። ሰላጣውስ ይፈላል? ያ እዚህ ምሳ የሚበላው የአውቶቡስ ሾፌር ሆዱን ይዞ ሲወጣ አላስችለኝ አለ።»

«ውሸትህን ነው።»

«ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በጄሪካን ውሃ ከየት የማመጣ ይመስልሻል? ለሰላጣው እኮ ነው። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ደወልኩ።»

እትዬ ጄሪካኑን ታውቀዋለች። የቦኖ ውሃ ቀጂ ሴቶችን ለማየት የሚሄድ መስሏት፣ አንድ ሁለቴ ከኋላው ተከትላዋለች።

«ታዲያ ያቺን ሴት ሳባርር ለምን አፍህን ዘጋህ?»

«ፈራሁሽ» አለ፣ ጫማውን እያየ። «አሁንም እፈራሻለሁ።»

ሁለቱም ያፈሩት በዚያች ቅጽበት ነው፤ ማን ይበልጥ እንዳፈረ ግን አይታወቅም። እትዬ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ መንገዱን ተሻገረች። ከታፊዋ ስታያት ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«በደልኩሽ። የቤቴ ሰው ነው የደወለው። ተመለሺ» አለቻት።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ እትዬ። መመለሱን ግን ይተዉኝ። እዚህ እጄን በጥርጣሬ አያዩኝም።»

ታንከሩ ተቀየረ፤ አዲሱ መክደኛ በሽቦ ታሰረ። ተቆጣጣሪዋ ተመልሳ ውሃውን አስመረመረች፤ ለጊዜው ቢጫ ሰጠቻቸው። ሾፌሩ አሁንም አውቶቡሱን እዚያው ያቆማል፤ ምሳውን ግን ማዶ ሄዶ ይበላል።

እትዬ ሌላ ከታፊ አልቀጠረችም። ሽንኩርቱን ከባሏ ጋር ጎን ለጎን ቆመው ይልጣሉ። አንድ ጠዋት ቢላዋዋን አቁማ አየችው።

«ሌላስ የደበቅከኝ ነገር አለ?»

«የለም።»

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከሽንኩርቱ ይሁን አይሁን ለማወቅ ረዘም አድርጋ አየችው፤ ከዚያ የሽንኩርቱን ቅርጫት ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።