የአቶ ዲንሳ ቻርጀር

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ለሚ ኩራ

ከቤት የወጣሁት ቻርጀር ፍለጋ ነው። የስልክ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ሕንድ አገር ሄጄ አከርካሪዬ ውስጥ ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ከዳሌዬ በላይ ቆዳዬ ሥር ደግሞ ትንሽ ባትሪ ተተክሎልኛል። መሣሪያው የጀርባ ሕመሜን በስሱ ንዝረት ያፍነዋል። ባትሪው በየሳምንቱ የሚሞላው ወገብ ላይ በቀበቶ በሚታሰር ቻርጀር ነው። የእኔው ተቃጠለ። አዲስ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ ባትሪው ባዶውን ከከረመ ደግሞ ጨርሶ ሊበላሽና ዳግም ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገኝ ይችላል። ሐኪሜ አስፈቅዶ የእትዬ ጫልቱን ስልክ ቁጥር ሰጠኝ። ባለቤታቸው አቶ ዲንሳ እንደ እኔው ዓይነት መሣሪያ ነበራቸው፤ ዓምና አርፈዋል።

አራት ሰዓት፣ መገናኛ

ሚኒባስ ውስጥ ተጣጥፌ መቀመጥ ስለማልችል ኮንትራት ታክሲ ያዝኩ፤ የኋላ ወንበር ላይ በጎኔ ተጋደምኩ። መገናኛ መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ረዳቶች “አያት! ጎሮ!” ይጮኻሉ።

“ጋሼ፣ ሆስፒታል ላድርስዎት?” አለኝ ሾፌሩ።

“ወሎ ሰፈር ነው” አልኩት።

ሕመሙ ከወገቤ እስከ ተረከዜ ያነደኛል። ይበልጥ ያስፈራኝ ግን የጀርባዬ ዝምታ ነው። ሦስት ዓመት ያልተለየኝ ንዝረት የለም፤ አብሮኝ የኖረ ሰው ሳይሰናበተኝ የወጣ ያህል ተሰማኝ።

አምስት ሰዓት፣ ወሎ ሰፈር

እትዬ ጫልቱ ከጋራዦቹ ጀርባ ካለው ቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሳሎን ውስጥ አንድ ባዶ ወንበር መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል። ቻርጀሩ መደገፊያው ላይ በቀበቶ ታስሯል፤ መብራቱ በርቶ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ድምፁን አውቀዋለሁ። ሰውነት ውስጥ የተተከለውን መሣሪያ ሲያጣው ነው እንደዚያ የሚለው።

“ሐሙስ ሐሙስ አበራዋለሁ” አሉኝ። “እሱ የሚሞላው ሐሙስ ነበር።”

“መሣሪያውስ?”

“ከነመሣሪያው ነው የቀበርነው። ይውጣ ያለን ሰው አልነበረም።” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ቻርጀሩ ይፈልገውና ሲያጣው ይጠፋል። ባለፈው ሐሙስ ግን ድምፁ ቆመ፤ መብራቱ እንደበራ። ሲያገኘው ነው እንደዚያ የሚሆነው። ወደ ወንበሩ ዞሬ ማየት አቃተኝ።”

እኔም ዞሬ ማየት አልፈለግሁም።

ቀበቶውን ፈትተው ራሳቸው ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። ጢጥ፣ ጢጥ። ወደ ግራ ገፋ አደረጉት። ጢጥ። ከዚያ ዝም አለ። እጃቸውን ግን አላነሱም።

“ይሞቃል? ዲንሳ የሰው መዳፍ ይመስላል ይል ነበር።”

“ይመስላል” አልኳቸው። የቱ የቻርጀሩ ሙቀት፣ የቱ የእጃቸው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መሣሪያውን ሳበራው ንዝረቱ እስከ እግሬ ወረደ፤ ሕመሙ ሸሸ። አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ወንበሩን አንስተው ወደ ምግብ ጠረጴዛው መለሱት።

“ውሰደው” አሉኝ። “መልሰህ እንዳታመጣው።”

አሥር ሰዓት፣ ቤት

ባለቤቴን ሰብለን እንዳላስጨንቃት ብዬ እስከ ዛሬ በር ዘግቼ ነበር የምሞላው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ መሣሪያው የተተከለው እኔ ውስጥ ቢሆንም አብሮኝ ከሚኖረው ሰው መደበቅ እንደሌለብኝ ነው። ባትሪው ገና ስላልሞላ ጠርቼ ቀበቶውን አሲያዝኳት። ከሞትኩ መሣሪያው እንዲወጣልኝም ነገርኳት። ጀርባዬ ላይ ስታስጠጋው ጢጥ፣ ጢጥ አለ።

“ማንን ነው የሚፈልገው?” አለችኝ።

“እኔን” አልኳት።

ድምፁ እስኪቆም ግን ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ነበር።