ሦስት እግር ያለው የናስ መለኪያ

ገበየሁ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ ውስጥ፣ ከክርያት ሞሼ ሰፈር ብዙም በማይርቅ መናፈሻ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አበባ ተክሏል። እሱ የነካው ጽጌረዳ ደርቆ አያውቅም። የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንበብ። በሥራ ቦታ ወረቀት በመጣ ቁጥር፣ «መነጽሬን ቤት ረሳሁት፤ እስኪ አንተ እየው» ይላል። መነጽሩ ግን ምንጊዜም ከደረት ኪሱ አይለይም።

ዝናቡ ጋብ ባለ ሰሞን፣ የአሮጌውን ብርቱካን ሥር ሲኮተኩት ከድንጋይ በታች አንድ የፕላስቲክ ሳጥን አገኘ። ውስጡ የማይታይ ቢሆን ኖሮ ፈንጂ ነው ብሎ ሰው አሽሽቶ ፖሊስ ይጠራ ነበር፤ ደግነቱ ሳጥኑ ከውጭ ውስጡን ያሳያል። የቁልፍ መያዣ፣ የመስታወት ጠጠር፣ ሦስት እግር ያለው የናስ መለኪያና አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበረበት። ወረቀቱን ዘረጋው። አናቱ ላይ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘንና ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ተስሏል፤ ከሥሩ ጽሑፍ አለ። የሥራ ባልደረባው ተዘራ አጠገቡ ነበር። ቢያሳየው ወዲያው ያነብለታል። «ይህቺን ማንበብ አቃተዎት?» ቢለኝስ ብሎ ፈራ። ሳጥኑን ዕቃ ቤት ወስዶ ከማዳበሪያው ከረጢት ኋላ ሸጎጠው፤ መለኪያውን ግን ኪሱ ከተተ።

ይገርማችኋል፣ መለኪያው ጉደኛ ነበር! ምን ያህል ቢከፍቱት የመካከለኛው እግር አንዱን ወገን አጭር፣ ሌላውን ረጅም አድርጎ ይከፍላል፤ የሁለቱ መመጣጠን ግን አይዛነፍም። ገበየሁ አጭሩን አሥር ጊዜ ለስፋት፣ ረጅሙን አሥር ጊዜ ለርዝመት እየለካ የአበባ መደብ ሠራ። መደቡ ዓይን አሳረፈ። ሌላ ደገመ፤ ሠለሰ። አለቃው ኦዴድ እንኳ ቆሞ ፎቶ አነሳ።

«አያ ገበየሁ፣ በስተርጅና መሐንዲስ ሆኑ እንዴ?» አለው ተዘራ።

«ዝም ብለህ ቆፍር!»

በሳምንቱ አንዲት ወጣት ብርቱካኑ ሥር ተንበርክካ አፈር ስትጭር አገኛት። ጠጋ ብሎ ሲያያት የጎረቤቱ የማንተገብሽ ልጅ ስታቭ ናት፤ የሒሳብ አስተማሪዋ።

«አባ ገበየሁ፣ እዚህ ሳጥን አላዩም? ጂኦካሺንግ የሚሉት፣ የተደበቀ ሳጥን የመፈለግ ጨዋታ ነው። እንቆቅልሹን ኢንተርኔት ላይ አወጣሁት። ቅርጾቹን ለክቶ፣ አስልቶ መልሱን ያስገባ ሰው ስልኩ እየመራ እዚህ ያደርሰዋል። ተማሪዎቼ ግማሽ ቀን ሲያሰሉ ውለው ቢመጡ ባዶ!»

መለኪያው ኪሱ ውስጥ ጭኑን ወጋው።

«ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለ፤ ምሎ አረፈው።

«ቤሰደር፣ እሺ። ሌባ ወስዶት ይሆናል።»

ሌባ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበየሁ በማንተገብሽ ደጅ ማለፍ ተወ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ሕንፃውን ዞሮ በኋላ በር ይገባል። ምኩራብ ውስጥ እንኳ የማንተገብሽን ባል ሲያይ አንገቱን ይደፋል። ሳጥኑን ሹልክ ብሎ መመለስ ይችል ነበር፤ መሐላውን ግን ወዴት ይመልሰዋል?

ስታቭ ሌላ ሳጥን ይዛ ተመለሰች። ጽጌረዳዎቹ ዘንድ ስትደርስ ቀጥ አለች። ጎንበስ ብላ በስንዝር ለካች፤ ቀጥላ በሜትር ለካች።

«አባ፣ ይህን መደብ ማን ለካው?»

ገበየሁ ኪሱ ውስጥ ያለውን መለኪያ በእጁ ሸፈነ።

«ረጅሙን ለአጭሩ ሳካፍለው አንድ ነጥብ ስድስት ይመጣል። ሁሉም! ወርቃማው ምጥጥን የሚሉት እኮ ነው። የእንቆቅልሼ መልስም እሱ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ያኖርኩት መለኪያም ይህንኑ...» አለችና ቀና ብላ አየችው።

ገበየሁ ዕቃ ቤት ገብቶ ሳጥኑን አመጣ። መለኪያውን ከላዩ አኖረና ወረቀቱን ዘረጋላት።

«አንብቢልኝ፣ ልጄ። እኔ... ማንበብ አልችልም።»

ይህቺን ቃል በሃያ ሁለት ዓመት ከአፉ ሲያወጣት የመጀመሪያው ነበር። ስታቭ በቀስታ አነበበችለት፤ «እንኳን ደስ አላችሁ። ከሳጥኑ የወደዳችሁትን አንድ ነገር ውሰዱ፤ በምትኩ የራሳችሁን አንድ ነገር ተዉ። ሳጥኑን ወደ ቦታው መልሱ።»

ቀጥላም ሳቀች። «ዲ፣ ይበቃል አባ! መውሰድማ ተፈቅዷል። ለዚህ ነው የተጨነቁት?»

«መውሰዱስ ይሁን» አለ ገበየሁ፣ መሬት መሬት እያየ። «ዓይኔን ብዬ የማልኩልሽን ግን የትኛው ወረቀት ይፈቅድልኛል?»

ሳቋ ጠፋ። ገበየሁ እጁን ደረት ኪሱ ከተተ፤ መነጽሩን አውጥቶ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠና ክዳኑን ራሱ ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ኦዴድ የሥራ ፕሮግራም ይዞ መጣ። የገበየሁ እጅ በልማድ ወደ ደረቱ ሄደ፤ ኪሱ ባዶ ነው። ተዘራ አጠገቡ ቆሟል። ወረቀቱን ከኦዴድ ተቀብሎ ለተዘራ ዘረጋለት።

«አንብብልኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «አልችልም።»