በወይራ የታጠነው የፌንጣ ጋን

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር፣ ፍኖተ ሰላም እቤቴ ነው። ሰው ሲያወራው ብሰማ አላምንም ነበር፤ በዓይኔ አይቼው እንኳ እስካሁን ይገርመኛል።

ዶሮ አረባለሁ። የጫጩት መኖ ዋጋ አልቀመስ ሲል፣ ክረምቱ መውጫ ላይ ከማሳ ዳር ፌንጣ ለቅሜ ለጫጩቶቼ ቀለብ ማርባት ጀመርኩ። ያ ሲመሽ የሚጮኸው ጥቁሩ ፌንጣ ነው። ቤታቸው አሮጌ ጋን ነበር። የእንቁላል ካርቶን ደርድሬላቸው ፉርሽካና ጎመን እሰጣቸዋለሁ። በሰሃን ውሃ ካገኙ ስለሚሰምጡ ጥጥ ነክሬ አኖርላቸዋለሁ። እንቁላል የሚጥሉበት እርጥብ አፈር ደግሞ እዚያው ጋኑ ውስጥ በጣሳ አለ። ጎረቤቶቼ «የፌንጣ እረኛ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ጫጩቶቼ ደህና እያደጉ ነበር።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ግቢው በወይራ ጭስ ታፍኗል። የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ስለነበር አማቴ ሊያግዙኝ ከቡሬ ገጠር መጥተው ኖሯል። ጋኔ በግራዋ ታጥቦ፣ ጭሱ ላይ ተደፍቷል።

«የጠላ ጋንሽን ተባይ ወሮት አገኘሁት፣ ልጄ። በፈላ ውሃ አለቅልቄ እንደ ወጉ አጠንሁልሽ» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

በበጋ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ፌንጣ ከየት ይለቀማል? እስከ ክረምት ጫጩቶቼን በምን ላሳድግ ነው? ሊያግዝ የመጣ ትልቅ ሰው ደግሞ አይቆጡት። ከገበያ ያመጣሁትን ማራገፍ ጀመርኩ። አማቴ ፊቴን አይተው ጠየቁኝ፤ ነገሩን ሲረዱ «አበስኩ ገበርኩ፣ የልጄን ቤት መተዳደሪያ በእጄ ፈጀሁት» ብለው እህል አልቀምስም አሉ። ያንኑ ዕለት ሊሄዱ ሲነሱ ለምኜ አስቀረኋቸው።

ማኅበሩ ካለፈም በኋላ ሰነበቱ። ጠዋት ጠዋት ጤና አዳሜን ውሃ ያጠጡልኛል። አንድ ጠዋት ቀስ ባለ ድምፅ «ነይማ» ብለው ጠሩኝ።

ከጤና አዳሙ ሥር አፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጉንዳን መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። ፌንጣ ነው። ከጉንዳን የማይበልጥ፣ እግሩም አንቴናውም ሳይቀር የተሟላ ፌንጣ፣ ከመሬት እየፈለቀ ይወጣል።

«የጣሳውን አፈር የት ደፍተውት ነበር?» አልኳቸው።

«እዚሁ ነዋ። ጥቁር አፈር ነው፣ ለጤና አዳሙ ይሆነዋል ብዬ።»

ለካ ሲያጠጡ የሰነበቱት እንቁላሉን ነው። ያንን ሁሉ የፈጁት እጆች፣ ሳያውቁት ዘሩን አተረፉልኝ። ሁለታችንም መሬት ላይ ተንበርክከን ለረጅም ጊዜ አየናቸው፤ እኔ እንባዬ መጣ፣ አማቴ አማተቡ። ከዚያ በዶሮ ላባ ቀስ እያደረግን ወደ ባልዲ ሰበሰብናቸው። አማቴ እንዳይበተኑባቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር።

ዛሬ ፌንጣው እንደገና ሞልቷል። አማቴ ሲደውሉ ከልጅ ልጆቻቸው አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ እሱ ነው። እኔም አፈር ልደፋ ስል እጄን ያዝ ያደርገኛል። ውስጡ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ?