አንቱ የተባለች ዶሮ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። የቀርከሃ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፤ መሃሉ አልቆ አፈሩ ይታያል። ክፍሉ ቢበዛ ለሁለት ሰው ይሆናል። አንድ ሽማግሌ ቀድመውን ጥጉን ይዘዋል። ወንድሜና እኔ ስንገባ እግራቸውን ሰበሰቡልን።

የታሰርነው በመሬት ልኬታ ሰበብ ነው። ቀላድ ይዘው የመጡትን ሰዎች የሰፈራችን ገበሬ አላስለካም አለ። ወንድሜ ስለ ሁሉም ቆሞ ተናገረ። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዕረፍት መጥቼ ነበርና አቤቱታውን ጻፍኩ። ሁለታችንንም ከእንጅባራ በጭነት መኪና አምጥተው ከዳንግላ ወጣ ብሎ ካለ ግቢ አስገቡን። ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ዘበኛው ገና ወጣት ነው። በሩን ከመዝጋቱ በፊት፣ «በአገውኛ እንዳታወሩ» አለን። «የምትሉትን መስማት አለብኝ።»

ይህ ትእዛዝ ለእኔ ቀላል ነበር። ለወንድሜ ግን አልነበረም። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው። ቤታችን ውስጥ አማርኛ አይነገርም። እኔ የተማርኩት ከትምህርት ቤት ነው። እሱ የተማረው ከችሎት ነው። በአንድ የርስት ክርክር አራት ዓመት ዳኛ ፊት ሲመላለስ፣ እዚያው ቆሞ የለቀመው አማርኛ ነው ያለው። እና ያ አማርኛ ሁሉ ለትልቅ ሰው የሚነገር ነው። አንተና አንቺ የሚባል ነገር የለበትም።

የመጀመሪያው ቀን ሊመሽ ሲል ጋቢውን አውልቆ ሰጠኝ።

«ይልበሱ ወንድሜ» አለኝ። «ይበርድዎታል።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩን። እኔ አፈርኩ። ያሳደገኝ ሰው አንቱ ሲለኝ በመካከላችን ሰው የገባ መሰለኝ። ግን ለበስኩት።

ዶሮዋ የመጣችው ሕማማት የገባ ዕለት ነው። የዘበኛው ቤት ከግቢው ጋር የተያያዘ ነበር። ውሃ ሊያስገባልን በሩን ሲከፍት አንዲት ቀይ ዶሮ ተከትላው መጣች። መቃኑን በግራ ጎኗ ገጭታ፣ ዞራ፣ እንደገና ገጭታ ገባች። የግራ ዓይኗ የተነከረ ባቄላ ያህል አብጦ ተደፍኗል። ወንድሜ በሁለት እጁ ቀስ ብሎ ያዛት።

«ተዋት» አለ ዘበኛው። «የባለቤቴ ናት። ዓይኗ ጠፍቷል፤ ጥሬ እንኳ አትለቅምም። ለፋሲካ ትታረዳለች።»

«አልጠፋም ጌታዬ» አለ ወንድሜ። «ውስጡ ነው የቋጠረው። ቢታጠቡ ይድናሉ።»

«እነማን ናቸው የሚታጠቡት?»

«እሳቸው» አለና ዶሮዋን ከፍ አድርጎ አሳየው።

ዘበኛው ከዶሮዋ ወደ ወንድሜ አየ። «ስማ፣ እኔንም አንቱ፣ ዶሮዋንም አንቱ? ማዕረጋችን እኩል ነው ማለት ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ። ሌላ አማርኛ የለኝም። ያለኝ የችሎት ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። ከገባን ወዲህ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «አይክፋህ ልጄ» አሉት ዘበኛውን፤ «በሱ አማርኛ ዳኛውም ቢሆን ከናንተ አይበልጥም።»

ዘበኛው ሊቆጣ አስቦ ነበር መሰለኝ፤ ሳቁ ቀደመው። «ከዳነችማ ማን እንቁላል የምትጥል ዶሮ ያርዳል» አለ። «እናንተ ጋ ትቆይ፤ ግን እስከ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ባለቤቴ ቢላዋዋን ትስላለች።»

ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጣሳ ውሃ ነበር የሚሰጠን። ወንድሜ ከድርሻው ግማሹን በሩ ስር፣ ፀሐይ በምትገባበት በኩል ያስቀምጣል። ለብ ሲል እናታችን ከቋጠረችልን ጨው ቆንጠር ያደርግበታል። ከጋቢው ጫፍ የቀደዳትን ጨርቅ ነክሮ ዓይኗ ላይ ይዞ ይቆያል። እንዲህ አድርጎ የፈረስ ዓይን ሲያጥብ ከልጅነቴ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ግን የሚያባብለው በቋንቋችን ነበር።

«ትንሽ ይታገሱኝ እመቤቴ» ይላታል። «ያማል፣ አውቃለሁ። ራስዎን ቀና ያድርጉ።»

እኔ ክንፏን እይዛለሁ። ልቧ ጣቶቼ ስር ይመታል። በሦስተኛው ቀን ቆቡ ለሰለሰ። በሁለት አውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ሲጫነው እንደ አይብ የረጋ ነጭ ነገር ወጣ። ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። ወንድሜ ጠረገላትና፣ «አለፈ፣ አለፈ» አላት።

እሱ ራሱ በዚያው ሰሞን ነው ማሳል የጀመረው። ሐሙስ ዕለት ትኩሳቱ ከጎኑ ለተኛሁት ለእኔ ይሰማኝ ነበር። ውሃው ሲመጣ ጣሳውን እንዳለ በሩ ስር አስቀመጠው።

«ወንድምዓለም፣ ጠጣው» አልኩት። «ለዶሮ ብለህ ልትሞት ነው?»

ይህን ባልተናገርኩ።

«አክፍሎት ይዣለሁ» አለኝ። እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ አልቀምስም ማለቱ ነው። «እርስዎ ልጅ ነዎት፤ የእርስዎን ይጠጡ።»

የታመመ ሰው አክፍሎት እንደማይዝ አውቃለሁ። ሽማግሌውም ያውቃሉ። እኔ የራሴን ጠጣሁ። ጠምቶኝ ነበር፤ ጠጣሁ።

ስቅለት ተራ ገብተን ሰገድን፤ ወለሉ ከአንድ ሰው በላይ ስለማያሰግድ። ወንድሜ ተራው ሲደርስ በጉልበቱ ሆኖ ግንባሩን ብቻ አስነካ። ዶሮዋን ግን ያን ቀንም አጠባት። ቅዳሜ ጠዋት ቆቡ በስንጥቅ ያህል ተከፍቶ ጥቁሩ ታየ። ያን ጊዜ ዘበኛው መጣ።

«ትንሽ ገልጣለች» አለ ወንድሜን እያየ። «እስቲ ባለቤቴም ትያት።» በብብቱ ይዟት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው በኩል የዶሮ ጩኸት ሰማን። ጮኸ፣ ከዚያ ቆመ። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ላየው አልደፈርኩም።

በማግስቱ ፋሲካ ነው። ዘበኛው እንጀራና ዶሮ ወጥ በሳህን ይዞ መጣ።

«እንኳን አደረሳችሁ። ከባለቤቴ ነው» አለ።

ሽታው ክፍሉን ሞላው። ወንድሜ ከሐሙስ ጀምሮ አልቀመሰም። እጁን ግን አልዘረጋም።

«እሳቸው ናቸው?» አለ።

«አይደለችም። የታረደው አውራ ዶሮ ነው።»

«ልያቸው።»

«አታምነኝም?»

«አምናለሁ ጌታዬ። ግን ዓይናቸውን ልየው።»

የዘበኛው ፊት ተለወጠ። የሚመታው መሰለኝ። እውነቱን ልናገር፤ እኔ ያሰብኩት ሳህኑን ይዞብን እንዳይመለስ ነበር። እጄ ወደ እንጀራው ሄዶ ተመለሰ።

«ልጄ፣ ሂድና አምጣለት» አሉ ሽማግሌው። «ወጡ እየቀዘቀዘ ነው።»

ዘበኛው ሄደ። በሩን ክፍት ትቶ ነው የሄደው፤ ከመካከላችን ግን የተነሳ የለም። ተመልሶ ሲመጣ ቀይዋን ዶሮ ታቅፏል። ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ በግራ ጎኗ አዞራት። ዓይኗ ተከፍቷል። ዳር ዳሩ ቀልቷል፣ ውሃ አዝሏል፤ ግን ተከፍቷል። ወንድሜ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። ጣቱን በዓይኗ ፊት ወዲህና ወዲያ አደረገ። እሷም ራሷን እያዞረች ተከተለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ዘበኛውን።

ከዚያ እጁን ታጠበ። ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሽማግሌው ሰጠ፣ ሁለተኛውን ለእኔ። ለራሱ ጥቂት ነው የበላው፤ ግን በላ።

በሳምንቱ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። ይታከማል አሉን። እኔን ክረምት ሲገባ ፈቱኝ፤ እሱን የቀበሩበትን ቦታ እንኳ አላሳዩኝም።

እቤት ስደርስ እናቴ ያለቀሰችው በኋላ ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ፈስኮ ነው የሞተ፣ ወይስ በጾሙ?»

«ፈስኳል» አልኳት። «አይቶ ነው የፈሰከው።»

ትንሣኤውን አይቶ ማለቴ መሰላት። ደረቷን በእጇ ይዛ አመሰገነች። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው፤ ለቅሶ ለሚደርሳት ሁሉ ልጄ አይቶ ነው የሞተ ትላለች። አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። እስከ ዛሬ አላረምኳትም።