የእትዬ ዶኛ የዱባ አበባ

ልጅ እያለሁ የቤታችን አፍ እኔ ነበርኩ። የመብራት የውሃ ቢል ሲመጣ የማነበው፣ አከራያችን ላንድሎርዱ ሲደውል የማናግረው፣ ክሊኒክ ስንሄድ የእማዬን የወገብ ሕመም ለዶክተሩ የማስረዳው እኔ ነኝ፤ ገና በዘጠኝ ዓመቴ! እማዬ ለሰው ሁሉ «ልጄ እኮ እንግሊዝኛውን ታንበለብለዋለች» ስትል ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ። ያልገባኝን ነገር «አልገባኝም» ማለት ግን ሞቴ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። የምንኖረው በሰው አገር፣ ሴንትራል ዲስትሪክት የሚባል ሰፈር፣ ከቼሪ ጎዳና ገባ ብሎ፣ ለሁለት የተከፈለ አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ዶኛ ቻዮ የሚባሉ የሜክሲኮ ሴት ከሁለት ጎረምሳ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። «ዶኛ» በእነሱ ቋንቋ «ወይዘሮ» እንደማለት መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። እማዬ ስማቸው መስሏት «እትዬ ዶኛ» ብላ ለምዳ ቀረች። እማዬ ካፒቶል ሂል ሰፈር ሆቴል ውስጥ ስትሠራ ስለምትውል፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእኔ መዋያ የእሳቸው ኩሽና ነበር።

ወይ ያ ኩሽና! አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ብርሃኑ ራሱ ቢጫ ሆኖ ይታየኛል። ኦገስት ነው፣ ፍልሰታ ገብቷል። እትዬ ዶኛ ጤዛው ሳይረግፍ የዱባ አበባ በሻሻቸው ይዘው ይገባሉ። ሽንኩርትና ቃሪያ ያቁላላሉ፣ የበቆሎ እሸት ፈልፍለው ይጨምራሉ፣ ከዚያ አበባውን ከላይ በትነው ይከድኑታል። ወዲያው ሟሽሾ ልስልስ ይላል። በስስ የበቆሎ ቂጣ ይጠቀልሉታል። ለልጆቻቸው አይብ ያደርጉበታል፤ ለእኔ ግን መጾሜን ከነገርኳቸው ቀን ጀምሮ አይቡን ትተው አበባውን እጥፍ ማድረግ ያዙ። እኔም በመስኮቱ ፀሐይ ተሞቄ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለኝ፣ በሕልሜ ይሁን በእውኔ ሳይለይልኝ እበላለሁ።

ጣጣው አበባው የሚመጣው ከእማዬ ዱባ መሆኑ ነው። ከጓሮ ያለውን የዘራችው፣ ከሥራ ደክሟት ገብታ የምታጠጣው እሷ ናት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወጥታ «ኧረ ጉድ! አበባዬን ማነው የጨረሰብኝ? ፍሬው ከየት ሊመጣ ነው?» ብላ ጮኸች። እትዬ ዶኛ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። ፈገግ እያሉ፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው «ኦንሊ ዘ ቦይስ! ኦንሊ ዘ ቦይስ!» አሉ።

«ምንድነው የሚሉት?» አለችኝ እማዬ።

«ወንዶቹ ብቻ ናቸው እያሉ ነው» አልኳት። እሳቸው ራሳቸው ሲቆርጡ ስንት ቀን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ነገሩ ለራሴም አልተዋጠልኝም። ግን መልሼ ብጠይቅ እንዳልገባኝ ሊታወቅብኝ ነው። እንዳልኩት ተውኩት።

የእማዬ ፊት ልውጥ አለ። «ጎረምሶቿ የሰው ልፋት ሲያወድሙ ደግሞ ትስቃለች እንዴ!» ብላ እጄን ጎትታ አስገባችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬነታቸው ቀረና «ያቺ ሴትዮ» ሆኑ። እኔም እዚያ ቤት ድርሽ እንዳልል ተከለከልኩ። የቀረውን ክረምት የእማዬ ጓደኛ ቤት ቲቪ ፊት ተጎልቼ ጨረስኩት። ማታ ማታ ቁሌቱ ከግድግዳው ወዲያ ይሸተኛል።

መስከረም ላይ ዱባው አፈራ፤ ያውም እንደ ጉድ። እማዬ ዞር ዞር እያለች «ጨርሰውት የለም እንዴ?» ትላለች። አንድ ቀን የእትዬ ዶኛን ታናሽ ልጅ ጓሮ አገኘሁትና «ለምንድነው አበባችንን የቆረጣችሁት?» ብዬ አፋጠጥኩት። ልጁ ሳቀብኝ። ከቀጭን አገዳ በቀር ምንም የሌለውን አበባ አሳየኝና «ይሄ ቦይ ነው» አለ፤ ወንዴ ማለቱ ነው። ከሥሯ አውራ ጣት የምታህል ዱባ ያዘለችውን ነካ አድርጎ «ይቺ ደግሞ ገርል» አለ። ወንዴው አያፈራም፤ እናቱ የሚቆርጡት እሱን ብቻ ነው፣ ለዘር የሚበቃ ያህል ትተው። ለካ «ኦንሊ ዘ ቦይስ» ያሉት ይሄንኑ ኖሯል!

ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ። ብናገር እንግሊዝኛ አዋቂነቴ አበቃለት፤ ባልናገር እትዬ ዶኛን እስከወዲያኛው ማጣቴ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን አልቻልኩም፣ «እማዬ፣ ያኔ ያሉት አልገባኝም ነበር» ብዬ ተንሰቀሰቅኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ቁጣ ስጠብቅ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ጓሮ ወጥታ ትልቁን ዱባ ቆረጠችና እንደ ሕፃን ታቅፋው ወደ እነሱ በር አመራች። ልከተላት ስል ዞር ብላ «አንቺ እዚሁ ቆዪ። ዛሬ አስተርጓሚ አልፈልግም» አለችኝ።

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ቆየሁ። መጀመሪያ የእማዬ ድምፅ፣ ከዚያ የሁለቱም ሳቅ። ቆይቶ ደግሞ የቀረፋና የቅርንፉድ ሽታ መጣ። ሲጠሩኝ ዱባው ከነልጣጩ ተቆራርጦ፣ በጥቁር ስኳርና በቅመሙ ቀስ እያለ ፈልቶ፣ ጠቁሮ ማር መስሏል። እማዬ ጣቷን እየላሰች «ዱባ በሻይ ቅመም! ይሄም አለ ለካ!» ትላለች። ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ። ያን ቀን ማንም ተርጉሚ አላለኝም፤ ደረቷ ላይ ተለጥፌ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ያ ቤት ፈርሶ አፓርትመንት ሆኗል። እትዬ ዶኛም ልጆቻቸውን ተከትለው ሌላ ስቴት ገብተዋል። የእማዬ እንግሊዝኛ ዛሬ ላንድሎርድ ያስፈራል። የእኔ ልጅ ያኔ የነበርኩበት ዕድሜ ሊሞላት ነው፤ ቢል አንብቢልኝ የሚላት የለም፣ ተመስገን። እኔን ግን ያ ቢጫ ኩሽና ይናፍቀኛል፣ እውነቴን ነው፣ በጣም ይናፍቀኛል።

በቀደም እማዬን «ያን ቀን እትዬ ዶኛን ምን ብለሻቸው ነው?» አልኳት።

«ልጄ ልጅ መሆኗን ረስቼ ነው አልኳቸው።»

«በዚያ እንግሊዝኛሽ?»

«በአማርኛ ነዋ!» አለችኝ። «ገባቸው እኮ።»