በከንፈር የሚታወቅ ድንጋይ

ቆቦ ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል፤ ባጃጅ ቢያንስ ጉድጓድ ሲያይ ቀስ ይላል። ፎቶ አንሺው ሙህሲን በቀትር ወደ ሾላው ምንጭ መውረድ የጀመረ ሰሞን፣ እሱ ገና ከአስፋልቱ ሳይታጠፍ ወሬው ምንጩ ጋ ደርሶ እግሩን ታጥቦ ነበር።

«ለጅኒዎች የፓስፖርት ፎቶ ሊያነሳ ነው» አለ ባለባጃጁ ፍፁም። «እነሱም ሳውዲ ሊሄዱ ነዋ! በዚህ ፀሐይ ማን ይቀራል?»

ተሳቀ። ግን የሳቁት ሁሉ ወደ ምንጩ በኩል ፊታቸውን አላዞሩም። ሲነጋ ሴቶች ይቀዳሉ፣ ሲመሽ ከብት ይጠጣል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ግን ውሃው የባለቤቶቹ ነው። ባለቤቶቹ እነማን ናቸው ብሎ የጠየቀ ልጅ መልሱን በጥፊ ያገኛል።

ሙህሲን የሚፈልገው ደግሞ ያንኑ ሰዓት ነበር። ስልክ በየሰዉ ኪስ ከገባ ወዲህ ስቱዲዮው ጉርድ ፎቶና አልፎ አልፎ ሠርግ ብቻ ቀርቶለታል። አንድ ቀን ከሞተ ዲቪዲ ማጫወቻ ምስር የምታህል ሌንስ አውጥቶ ስልኩ ካሜራ ላይ ለጠፋት። ትንኝ አየ። ከዚያ ወዲያ ሙሽራ ማየት አስጠላው። የፎቶ ፍሬም መስታወት በሲልኮን አጣብቆ ሳጥን ሠራ፤ ስልኩን እውስጡ አቁሞ ሳጥኑን እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ሾላው ጥላውን ስለሚጥልበት ውሃው ሥር እስካለው ድንጋይ ድረስ ቀጥ ብላ የምትወርደው የቀትር ፀሐይ ብቻ ናት።

በዚያች ሌንስ ጥርት ብሎ የሚታየው ነገር ስፋቱ የፀጉር ያህል ነው። ጥቂት ጠጋ ካልክ ይደበዝዛል፣ ጥቂት ከሸሸህም እንዲሁ። ስለዚህ ፎከሱን ይቆልፍና በሆዱ ተኝቶ ራሱን ወደፊትና ወደኋላ ያወዛውዛል። ከዚያ ትንፋሹን ይይዛል። የሚፈልገው ዓይን ነው፤ ዓይኑ ከጠራ ሌላው ገላ ጉም ቢሆን ግድ የለውም።

ብዙ አየ፤ የትንኝ እጭ፣ የእህል ቅንጣት የማታህል ቀይ ሸረሪት። ልቡን የወሰደው ግን አልቅት ነው። የክር ያህል የቀጠኑ ግልገሎች በጅራታቸው ድንጋዩ ላይ ቆመው ይወዛወዛሉ፤ አናታቸው ላይ በተርታ የተደረደሩ ጥቁር ነጥቦች ዓይኖቻቸው ናቸው። ውሃው ወደ ቆላው ይፈሳል፤ እነሱ ግን ወደ ውሃው አቅጣጫ አይዘነበሉም። የያዘውን ትንፋሽ እፎይ ብሎ ሲለቅ፣ ሁሉም አንድ ላይ ወደ እሱ ይዘረጋሉ።

አንዴ ከግመል አፍንጫ የወደቀ አልቅት አግኝቶም አንስቷል። እንደ ወይን ፍሬ ተነፍቶ፣ የጠጣው ደም በቆዳው ሥር ጠቁሮ ይታይ ነበር። ይህንን ሁሉ ለማንም አላሳየም። ሚስቱ ዚነት ስትጠይቀው «ገበያ ነበርኩ» ይላል፤ እሷም ባሏ የት እንደሚውል ከፍፁም አፍ ሰምታ ዝም ትላለች። ዝም ያለችበት የራሷ ምክንያት ነበራት።

ከዚያ ዚነትን ይነስራት ጀመር። ቀጥሎ ስታስል መሀረቧ ላይ ደም ታየ። ክሊኒክ ሄዳ የሳል ሽሮፕ ተሰጣት፤ ካልተሻላት ለምርመራ እንድትመለስ ነገሯት። ፊቷ የተነቀለ ማሽላ መሰለ። ሰፈሩም ምርመራውን ጨርሶ ነበር፤ ግማሹ ሳንባ ነው አለ፣ ግማሹ ባሏ ከቀትር ይዞባት የመጣው ነው አለ። ሙህሲን ሁለተኛውን ሲሰማ አልሳቀም። እነዚያ ነጥቦች ወደ እሱ ሲዘረጉ ትዝ አሉት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮው ውስጥ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ሲያይ፣ ዚነት ምሳ ይዛለት መጥታ ከኋላው ቆመች።

«ይህቺን ድንጋይ አውቃታለሁ» አለች።

«የት ታውቂያታለሽ? ውሃ ሥር ናት እኮ።»

ዚነት ጣቷን ድንጋዩ ላይ ወዳለችው ጎድጓዳ ዘረጋች። «በከንፈሬ።»

ነገሩ ወጣ። ጎረቤታቸው እትዬ ነሲባ ናቸው የመከሯት። ልጅ የዘገየባት ሴት ገና ሳይነጋ ትሄዳለች፤ አገጯን ጎድጓዳዋ ላይ አሳርፋ አፏን ከምንጩ ገጥማ ትጠጣለች። በዕቃ መቅዳት በረካውን ይቆርጠዋል፤ ለባል ከተነገረ ደግሞ ይከሽፋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከረመዳን ወዲህ። ምነው? ሙህሲን፣ ምነው ፊትህ?»

ፎቶውን አጎላው። አገጯ በምታርፍበት ጎድጓዳ ጠርዝ ላይ ክሮቹ ቆመው ነበር።

እትዬ ነሲባ ተጠርተው መጡ፤ ነገሩን ሲሰሙ ግን አላፈሩም። «አልቅት ነው? ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል! የአባቴ በቅሎ ስንቴ ውጣዋለች! ውሃ እናስጠማታለን፣ ሲጠማው ራሱ ይወጣል።»

«እኔ በቅሎ ነኝ እንዴ፣ እትዬ?» አለች ዚነት።

«ምነው በሆንሽ! በቅሎ ዝም ብላ አፏን ትከፍታለች።»

በማግስቱ ዚነት ጨው የበዛበት ቆሎ እየበላች ያለ ጠብታ ውሃ ዋለች። ወደ አስር ሰዓት ግድም እትዬ ነሲባ ጽጌረዳ የተሳለበትን ጎድጓዳ ሳህናቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው አመጡ። ዚነት አጎንብሳ አፏን ከፈተች፤ ፊቷና ውሃው ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ሙህሲን ጣቶቹን በመሀረብ ጠቅልሎ ጎኗ ተንበረከከ። ትንፋሹን ያዘ። ይህንን ሥራ ያውቀዋል።

ቆይቶ ከምላሷ ሥር አንድ ክር ብቅ አለ። ተመለሰ። ደግሞ ብቅ አለ፤ ውሃውን እያሸተተ ረዘመ።

«ቢስሚላህ» ብሎ ቀጨም አድርጎ ሳበው።

እትዬ ነሲባ እልል አሉ። ዚነት እንባዋ እየወረደ ሳቀች፤ «አልሀምዱሊላህ! ወጣልኝ!» ሙህሲን ክሩን ሳህኑ ውስጥ ጣለው። ከዚያ እጁ ልማዱን አልተወም፤ አጠገቡ ያኖረውን የመስታወት ሳጥን ሳህኑ ውስጥ ነክሮ ፎከሱን ቆለፈ። ወደፊት ትንሽ፣ ወደኋላ ትንሽ። ዓይኖቹ ጠሩ። ሳህኑ ላይ ተለጥፎ ተኝቷልና የቀረው ገላም አብሮ ጠራ።

በአልቅቱ ሆድ ውስጥ አልፎ የሳህኑ ጽጌረዳ ታየው፤ ቅጠሏ ሳይቀር። ሆዱ ባዶ ነበር።

ደም የነካቸውን የዚነትን መሀረቦች አሰበ። ከግመሉ የወደቀውን አሰበ። ይህ ገና ያልቀመሰ ነው፤ ያንን ሁሉ ደም የጠጣው ሌላ ነው፤ እሱም ጠግቧልና አልተጠማም።

«በይ አሁን ጠጪ ልጄ» አሉ እትዬ ነሲባ ብርጭቆ እያቀበሏት። ዚነት ተጎነጨችና ቆመች። እጇ ወደ አንገቷ ሄደ፤ ከዚያ ዝቅ አለ።

«ሙህሲን… ወደ ታች የሚንቀሳቀሰውስ ምንድነው?»

«አብሽሪ» አላት፤ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነበር። ስልኩን ከሳጥኑ መዝዞ ፍፁም ጋ ደወለ። «ባጃጅህን አምጣ። ሆስፒታል።»

«ምነው፣ ጅኒው ቪዛ ተከለከለ እንዴ?»

«ቶሎ በል!» አለ ሙህሲን። ፍፁምም ድምፁን ሰምቶ ስልኩን ሳይዘጋ ሞተሩን አስነሳ።

ዚነት አሳለች። ሳህኑ ውስጥ ክሩ በጅራቱ ቆመና ወደ እሷ ተዘረጋ።