ጊደር የበላ ውጅግራ

ልጅ እያለሁ፣ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ በቤታችን ምሰሶ ላይ አንድ አሮጌ ውጅግራ ተሰቅሎ ይውል ነበር። ውጅግራ ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ ረጅም ጠመንጃ ነው፤ ተኩሰው ከሳቱ፣ ሌላ ጥይት እስኪያጎርሱት አውሬው እንደ ልቡ ይሄዳል። በኛ አገር፣ ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ ቀወት ውስጥ፣ ያለው ሰው አምስት ጎራሽ ምንሽር ያነግት ነበር፤ የሌለው ዱላ ይይዛል። አባቴ ከሁለቱ መሃል ነበረና አቅሙ የፈቀደውን ገዛ።

አቅሙ የፈቀደው ደግሞ የእናቴን ጊደር አስከፈለው። ጊደሯን ወደ ሰንበቴ ገበያ እየነዳ ሄዶ ማታ ጠመንጃ አንግቶ ሲመለስ፣ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ አየችው። ያቺ ጊደር ከጥጃነቷ ጀምሮ በእጇ ሳር እያበላች ያሳደገቻት፣ ወልዳ ወተት ታጠጣናለች እያለች የምትጠብቃት ነበረች። አፏን የከፈተችው አባቴ ብረቱ እንዳይዝግ የሚቀባው ትንሽ ቅቤ ሲጠይቃት ነው።

«ጊደሬን የበላ ጠመንጃ ቅቤዬን አይበላም» አለች።

አባቴ አልተከራከረም። የደሴ መንገድ ዳር ወርዶ ከአንድ ሹፌር የሞተር ዘይት ለምኖ መጣና ጠመንጃውን ወለወለ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ስንት ጊዜ አውቶቡስ አውቶቡስ እንደሸተተ እኔ ነኝ የማውቀው።

መከራው በዚህ አላበቃም። የጎረቤት ሰርግ ላይ ወንዶቹ ለደስታ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ አባቴም ተራው ደርሶ ቃታውን ሳበ፤ ጥይቱ ከሸፈ። ምንሽራቸውን እንደ ልጅ አቅፈው የሚዞሩት ጭቃ ሹማችን ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ጌቶች በፈረሳቸው ስም አባ እንትና እንደሚባሉት ሁሉ፣ አባቴን እዚያው «አባ ክሽፍ» ብለው ሰየሙት። ስሙ ከሰርጉ ድግስ ቀድሞ መንደሩን አዳረሰ። ውሃ ልቀዳ ሮቢ ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ «የአባ ክሽፍ ልጅ መጣች» ይሉኝ ጀመር። እንስራዬን አስቀምጬ አለቅስ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በዚያው ዓመት ማሽላው እሸት ሲይዝ ከርከሮ መጣብን። በተለይ አንድ አውራ ነበረ፤ ጥርሱ ወደ ላይ የተቆለመመ፣ አገዳውን በደረቱ እየጣለ የሚያጭድ። እናቴ ይህ ማሽላ ካለቀ ልጆቼን ይዤ ደብረ ሲና ወንድሜ ቤት እወጣለሁ አለች። አባቴ ብቻውን ሊቀር፣ እኛ ደጋ ላይ በሰው ቤት በብርድ ልንንቀጠቀጥ ነው ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ነች።

ጭቃ ሹሙ ሰው ሰብስበው በውሻና በጩኸት ወጡበት፤ ምንሽራቸው ተንጣጣ። ከርከሮው ከአንዱ ማሳ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ገባ። በኛ አገር ሰብል መጠበቅ ማለት መጮህ ነው። አንዱ ማማው ላይ ሆኖ ሲጮህ አውሬው ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ጎረቤት ሲጮህ ተመልሶ ይመጣል። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ ጩኸቱን የሚተው ግን የለም። አባቴ ማሳው ከኛ ጋር የሚዋሰነውን ጋሽ ሰይድን ለመነው፤ አውሬው ሳይበረግግ እንዲወጣልን አንድ ቀን ሁለታችንም ዝም እንበል አለው። ጋሽ ሰይድ ማሽላውን እያየ ብዙ አመነታ፤ በመጨረሻ ለአላህ ሰጥቶ እሺ አለ። መንደሩ ዝምታችንን ሲሰማ ማሳችንን ጥለን የሄድን መሰለው።

ማማው ላይ የነበርኩት ምሳ አድርሼ ነው። አባቴ አትውረጂ፣ አታስነጥሺ ብሎኝ ጥይቱን አጎረሰና አፈሙዙን ወደ ጋሽ ሰይድ ድንበር አዞረ። ጸሐይ ስታዘቀዝቅ አገዳው ተንኮሻኮሸ፤ አውራው የራሱ ርስት የሆነ ይመስል ተረጋግቶ ወጣ። አባቴ አልቸኮለም፤ የሚቸኩልበት ሁለተኛ ጥይት አልነበረውም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እንዳይከሽፍ ብቻ ማርያምን ለመንኩ። ተኩሱ ማማውን ሲያናውጠው ዓይኔን ገለጥኩ። ከርከሮው እየሮጠ ነበር። ሳተው ስል፣ ጋሽ ሰይድ ከድንበሩ «ወደቀ! ወደቀ!» እያለ መጣ።

ሰው ተሰበሰበ፤ ግን የሚነካው ጠፋ። ክርስቲያኑም እስላሙም ራቅ ብሎ ከቦ በዱላ ይጠቁመዋል። በመጨረሻ እንደምንም ብለው ገመድ አስገቡለትና በበሬ ወደ ገደሉ አስጎተቱት። ከሰው መሃል አንዱ ገዳይ ቅቤ ይቀባል እንጂ ሲል፣ ጭቃ ሹሙ ቅቤ ለአንበሳ ገዳይ ነው፣ ከርከሮ ምን ይቆጠራል ብለው አጣጣሉት። ሰዉም ሊበተን ነበር።

ይህን ጊዜ እናቴ የቅቤ ቅሏን ታቅፋ ሰውን እየገፋች ገባች። ማንንም ሳታይ የአባቴን አናት ቀባችው፤ በእጇ የተረፈውን ደግሞ ጠመንጃው ብረት ላይ ጠረገችው።

«እናንተ የአንበሳ ገዳይ ቅቡ። እኔ የልጆቼን እህል ያዳነውን ቀብቻለሁ» አለች። ከዚያም እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ተቀበልኳት፤ ሴቶቹ ሁሉ፣ ወንዝ ዳር ያስለቀሱኝም ጭምር፣ ተቀበሉን። ያኔ የተሰማኝን ኩራት ምን ብዬ ልናገር፤ ቁመቴ የጨመረ ነው የመሰለኝ።

ያን ዓመት ጎተራችን ሞልቶ ተረፈ። ደብረ ሲና ሳንወጣ ቀረን። ጭቃ ሹሙም አንድ ቀን የዘር ማሽላ ፈልገው መጥተው ደጃችን ቆሙና አባቴን በስሙ ጠርተው «አቶ ተሰማ አሉ?» ብለው ጠየቁ።

ዛሬ ያ ማሳ ማሾና ሽንኩርት ነው፤ በማማው ቦታ ባጃጅ ያልፋል። ሰርግ ሲኖር ጎረምሶች ክላሽ ያንጣጣሉ፤ ማን ተኮሰ ብሎ ቀና የሚል እንኳ የለም። አባቴና እናቴ ካለፉ ቆይተዋል። ልጆቼ አያታቸው ምን እንደ ገደለ ሲጠይቁኝ ከርከሮ እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ፣ ይሳቁ። እናቴ በኔም ሰርግ እልል ብላለች። እንደዚያ ቀን ግን አላለችም፤ እኔም ቅር አላለኝም።